ሐውልትና ጎረቤቱ፦ የአደባባይ ጥበብ በሚለወጡ የአፍሪካ ከተሞች

ሥዕል በአዳራሽ ሲሰቀል ተመልካቹ ወዶና ፈቅዶ ሄዶ ያየዋል፤ ያልወደደውም ጀርባውን ሰጥቶት ይወጣል። በአደባባይ የሚቆም ሐውልት ግን ይህን ዕድል ለማንም አይሰጥም። ወደ ሥራው የሚጣደፈው ሠራተኛ፣ ጉሊት የተቀመጠችው እናት፣ ደብተሩን ይዞ የሚያልፈው ተማሪ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉም ጠዋትና ማታ ያዩታል። ማንም አስተያየታቸውን ባይጠይቃቸውም፣ ከዓመት ዓመት ዕለታዊ ተመልካቾቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ የአደባባይ ጥበብ ሂስ ከአዳራሽ ጥበብ ሂስ ሰፋ ያለ መመዘኛ ይሻል። የቅርፁ ውበት፣ የጥሬ ዕቃው ጥራት፣ የቀራፂው ችሎታ መመርመር እንዳለባቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን በእነዚህ ብቻ ከተወሰነ ሂሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ይሆናል።

በአፍሪካ ከተሞች የቆሙ ሐውልቶችን በሚመለከት ሦስት ጥያቄዎች ሊነሱ ይገባል። አንደኛው ማን አሠራው የሚለው ነው። ሁለተኛው በማን እጅ ተሠራ የሚለው ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ አሠሪና ስለ ሠሪ ሲነሱ ቆይተዋል። ከተሞች በፍጥነት እየፈረሱ በሚሠሩበት በዚህ ዘመን ግን የሐውልቱን ዕጣ የሚወስነው ሦስተኛው ነው።

የዚህን ጥያቄ ክብደት ከሚያሳዩት አንዱ የአዲስ አበባው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት ወራሪ አልገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ተሠዉ። በስማቸው የቆመው ሐውልት በቅርፁ ትሑት ነው። ቁመቱ ከዙሪያው ሕንፃዎች ጋር አይፎካከርም፣ የእጅ አነሳሱና የልብሱ እጥፋት የተለመደውን የመታሰቢያ ቅርፅ ሥርዓት የተከተለ ነው። የዓለምን የቅርፃ ቅርፅ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምናልባት ሳያነሳው ሊያልፍ ይችላል። ሆኖም ግን በ2005 ዓ.ም. የቀላል ባቡር መሥመር ግንባታ በሥፍራው ስለሚያልፍ ሐውልቱ ከመቆሚያው ሲነሳ፣ ከተማው በአንድ ጊዜ ነቃ። በዚያ አደባባይ ለዓመታት ያለፉ፣ ነገር ግን ቀና ብለው አይተውት የማያውቁ የሚመስሉ ሰዎች ሁሉ ሲነሳ ለማየት ተሰበሰቡ፤ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ጥያቄም የቤትና የመሥሪያ ቤት መነጋገሪያ ሆነ። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሐውልቱ ገና አልተመለሰም ነበር። በጥር ወር በዚያው ዓመት ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ።

ከዚህ ክንውን የሚወሰደው ትምህርት ባቡርና ሐውልት ጠላቶች ናቸው የሚል አይደለም። ከተማ መጓጓዣ ያስፈልገዋል፤ ለመጓጓዣ ሲባል አንድ ሐውልት ለጥቂት ዓመታት ቢነሳ ጥፋት የለበትም። ትምህርቱ ሌላ ነው። የሐውልቱ ዋጋ በነሐሱና በድንጋዩ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ በሙዚየም ቅጥር ግቢ ቢቀመጥ ምንም ባልጎደለ ነበር፤ እንዲያውም ከጭስና ከአቧራ በተረፈ ነበር። ሕዝቡ ግን በሙዚየም ሳይሆን በአደባባዩ ላይ እንዲቆም ፈለገ። ዋጋው በነገረ ሥራው፣ በቦታውና በጎረቤቶቹ መካከል የነበረው ግንኙነት ላይ መሆኑ የታወቀው ሲነሳ ነው።

ከዚህ ትሑት ሥራ ጋር ሲነጻጸር፣ ከአውራ ጎዳናው በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የሚታየው የትግላችን ሐውልት ፍጹም የተለየ ሥርዓት የተከተለ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የተመረቀው ይህ ሥራ 50 ሜትር የሚደርስ፣ በጫፉ ላይ ኮከብ የተሸከመ ዓምድ ነው። በግራና በቀኙ የተዘረጉት ግድግዳዎች በቅርፅ የተሞሉ ሲሆን፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ለወደቁ የኩባ ወታደሮችም መታሰቢያ ተሰጥቶበታል። የሰሜን ኮርያ ቀራፂዎች የሠሩት ይህ ሥራ በአሠራር ረገድ እንከን ሊወጣለት የሚችል አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ ግድግዳ ላይ ሲያስተባብሩ፣ ከኋላ ያለውንና ከፊት ያለውን ሲለዩ፣ የእንቅስቃሴን አቅጣጫ ወደ አንድ ነጥብ ሲመሩ ሙያቸውን የሚያውቁ እጆች እንደሆኑ ይታያል። ጉድለቱ በሌላ ወገን ነው። በግድግዳው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ጥንካሬ፣ አንድ ዓይነት ቆራጥነት፣ አንድ ዓይነት ደረት አላቸው። ወሎዬው ከጋሞው፣ አዝማሪው ከሸማኔው አይለይም። ሕዝብ አለ፤ ሰው ግን የለም። ተመልካቹ በቅርፁ ውስጥ ራሱን ሲፈልግ የሚያገኘው ስሜቱን እንጂ መልኩን አይደለም።

ይህን ሐሳብ ከአዲስ አበባ ውጭ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የዚያው አገር የሥነ ጥበብ ድርጅት ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌላ የአፍሪካ ከተማ ሌላ ታላቅ ሐውልት አቁሟል። በዳካር፣ ማሜል ከሚባሉት ሁለት ኮረብቶች በአንዱ ላይ፣ የሴኔጋል ነፃነት 50ኛ ዓመት በተከበረበት በሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. 2010 የተመረቀው የአፍሪካ ህዳሴ ሐውልት 49 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የመዳብ ሥራ ነው። አሳቡን ያመነጩት የያኔው ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ፣ የሕንፃ ንድፉን የመሩት ፒየር ጉዲያቢ አቴፓ፣ የሠራው ደግሞ ማንሱዴ የተባለው የሰሜን ኮርያ ድርጅት ነው። ወንድ፣ ሴትና ሕፃን ከእሳተ ገሞራ አፍ ወጥተው ወደ ውቅያኖሱ ሲነሱ ያሳያል፤ ሕፃኑ በአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ ጣቱን ወደ ባሕር ይዘረጋል።

ዳካር ውስጥ ይህ ሥራ ያስነሳው ክርክር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ክርክር ብቻ አልነበረም። የሃይማኖት አባቶች ስለ ሴቲቱ አለባበስ ተቃወሙ። ተቃዋሚ የፖለቲካ ወገኖች፣ ከተማው በጎርፍ ሲጥለቀለቅና መብራት ሲጠፋ፣ 27 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚገመት ወጪ ለሐውልት መዋሉን ነቀፉ። ዋጋው የመንግሥት መሬት በመስጠት መከፈሉም፣ ፕሬዚዳንቱ አሳቡ የእኔ ስለሆነ ከገቢው 35 በመቶ ይገባኛል ማለታቸውም ነገሩን አባባሰው። በቅርፁ ረገድ ደግሞ ከቀረቡት ነቀፋዎች በጣም ጠንካራው ሴቲቱን የሚመለከት ነው። ወንዱ ይራመዳል፤ ሴቲቱ ትጎተታለች። ወንዱ ልጁን አቅፎ ወደ ፊት ይመለከታል፤ ሴቲቱ አንድ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ትከተላለች። ህዳሴ ማለት አዲስ ልደት ከሆነ፣ ወላዷ በትርዒቱ ውስጥ ከኋላ መቅረቷ አሳቡን ከራሱ ጋር ያጋጫል።

ሁለቱ ሐውልቶች፣ የአዲስ አበባውም የዳካሩም፣ አንድ መሠረታዊ ችግር ይጋራሉ። ሁለቱም ከከፍታ ይናገራሉ። ተመልካቹ አንገቱን ቀልብሶ ወደ ላይ ከማየት በቀር ከሥራው ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት የለውም። መቀመጫ አይሰጡትም፣ ጥላ አይሆኑትም። ይህ ግን ችግሩ በውጭ አገር ሰዎች መሠራታቸው ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ቀላል መደምደሚያ መያዝ ትክክል አይሆንም። በስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት ተመልከት። ቅርፁን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ በድንጋይና በነሐስ ሲያሳዩ፣ ሟቹንም ገዳዩንም፣ ሬሳውንም ለቅሶውንም እንደ ሰው አስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ከዓመት ዓመት የከተማው ነዋሪ በዕለቱ ወደ ሐውልቱ ይሄዳል። የባዕድ እጅ የሠራው የእኛ የሆነው ሐዘኑ እውነተኛ ስለሆነና ጎረቤቶቹ በየዓመቱ ስለሚያድሱት ነው።

የአገር ልጅ እጅ ታላቅ አሳብ ሊሸከም እንደሚችልም ምስክር አለ። በአፍሪካ አዳራሽ፣ ጥር 1953 ዓ.ም. በተመረቀው ሕንፃ ውስጥ፣ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር በሚሰፋ ባለ ቀለም መስተዋት ላይ የአፍሪካን ትላንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍሎች አቅርቧል። በዚህ ሥራ ባሪያ አሳዳሪው፣ ዘንዶው፣ ችቦ ያዡ፣ ሁሉም የራሱ መልክ አለው። ብርሃኑ ከውጭ እየገባ ሥራውን በየሰዓቱ ይለውጠዋል። የ1953 ዓ.ም. ሥራ እድሳት ተደርጎለት በ2017 ዓ.ም. እንደገና ለተመልካች ሲቀርብ እርጅናው አልታየበትም። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት ይህን የመሰለ ችሎታ ከአንድ ሰው ወደ ትውልድ እንዲሸጋገር ነው። ትልልቅ የአደባባይ ሥራዎች ሲታሰቡ ይህን ትምህርት ቤት መጠየቅ ልማድ መሆን ነበረበት፤ ልማድ ግን አልሆነም።

ወደ ዳካር መመለስ ያስፈልጋል፤ ከኮረብታው ሐውልት ሃያ ዓመት ቀድሞ ያ ከተማ ሌላ ዓይነት የአደባባይ ጥበብ አይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት፣ ምርጫና ረብሻ ከተማውን ካናወጡ በኋላ፣ የየሠፈሩ ወጣቶች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ወጡ። ቆሻሻ ጠረጉ፣ ቦይ ከፈቱ፣ ከዚያም ግድግዳውን ቀለም ቀቡ። እንቅስቃሴው ሴት ሴታል ተባለ፤ በወሎፍ ቋንቋ ንጹሕ መሆንና ማጽዳት ማለት ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የሃይማኖት መሪዎች፣ የጥንት ተዋጊዎች፣ ኔልሰን ማንዴላ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና የሚመክሩ ሥዕሎች ታዩ። አንዳንዶቹ የተዋጣላቸው ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የልጅ እጅ የሚታይባቸው ነበሩ። ዝናብና ፀሐይ አብዛኞቹን አጥፍቷቸዋል። ዋጋቸው ግን በመቆየታቸው አልነበረም። ሥዕሉን የሠራው የዚያው ጎዳና ነዋሪ ነው፤ ሲበላሽም ሊያድሰው የሚችል እሱ ነው። እዚህ ላይ ሠሪ፣ አሠሪና ጎረቤት አንድ ናቸው።

ይህ ማለት በጎረቤት የተሠራ ሁሉ መልካም ነው፣ ከውጭ የመጣ ሁሉ ደግሞ ባዕድ ነው ማለት አይደለም። የካሜሩን ወደብና የንግድ ከተማ የሆነችው ዱዋላ ለዚህ ማስተማሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው ዱዋላ አርት የተባለ የሥነ ጥበብ ማኅበር፣ በ1996 በዴይዶ አደባባይ ላይ ጆሴፍ ፍራንሲስ ሱሜኝ የተባለው ቀራፂ የሠራውን "አዲሲቱ ነፃነት" የተሰኘ ሥራ አቆመ። ሥራው 12 ሜትር የሚደርስ ሰው መሰል ቅርፅ ሲሆን፣ ከተጣለ ብረትና ከአሮጌ ዕቃ ቁርጥራጭ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነዋሪዎች ጠሉት። አስቀያሚ ነው አሉ፤ የመናፍስት ሥራ ነው ያሉም ነበሩ፤ በቆሻሻ ተሠርቶ ለከተማው ክብር ይሆናል ወይ ብለው የጠየቁም አልጠፉም። የመጨረሻው ጥያቄ ሊናቅ አይገባውም። ድሃ ከተማ ስለ ራሱ ሲናገር ሁልጊዜ በውራጅ ዕቃ እንዲናገር መጠበቁ አንድ ዓይነት ንቀት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ክርክሩ ቀጠለ፤ ሐውልቱም ቆየ። እየቆየ ሲሄድ የአደባባዩ ምልክት፣ የታክሲ መንገደኛ የሚጠራው፣ ለእንግዳ የሚጠቆም ቦታ ሆነ። ቀራፂው ከተማው በየቀኑ የሚጥለውን ዕቃ ሰብስቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ስላደረገው፣ ነዋሪው በመጀመሪያ የጠላው ጥሬ ዕቃ በመጨረሻ የለመደው ሆነ። ይህ የሂስ ትምህርት አለው፤ የጎረቤት ፍርድ በአንድ ቀን የሚሰጥ አይደለም፤ ማኅበሩም ሥራውን ትክክል ነው ብሎ ከሕዝብ ጋር መከራከሩን ባያቋርጥ ኖሮ ይህ ውጤት አይገኝም ነበር።

ዱዋላ ከዚያ ወዲህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዳለች። በቤሰንጌ ሠፈር በ2005 አሊዩም ሙሳ የሠራው የእግረኛ ድልድይ ሰው የሚሻገርበት ሥራ ነው። በንዶግፓሲ ሠፈር ደግሞ በ2013 ፊሊፕ አጊሬ የተባለው የቤልጂግ ቀራፂ፣ ነዋሪዎች ውኃ የሚቀዱበትን የተፈጥሮ ምንጭ በእርከን በእርከን በሚወርድ መቀመጫ ከበበው። ቀን ውኃ ይቀዳበታል፤ ሌላ ጊዜ ተቀምጠው ያወሩበታል፣ ጨዋታና ትርዒት ይታይበታል። ማንም ቆሞ ሊያደንቀው አይሄድም፤ ሁሉም ግን ይጠቀምበታል። ከፍታ የሌለው፣ ኮከብ ያልተሸከመ፣ ጣቱን ወደ ባሕር የማይጠቁም ሥራ ሲሆን፣ የከተማው ድሆች በየቀኑ በእግራቸው ይረግጡታል። በዚህ ጽሑፍ ከተነሱት ሥራዎች ሁሉ ለጎረቤቱ ቅርብ የሆነው ይኸኛው ነው።

ሐውልት ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላስ ምን ይሆናል? በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት በአዲስ አበባ ከመቆሚያው ሲወድቅ ጥቂት ሰው አዘነለት። በአክራ ግን የክዋሜ ንክሩማ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1966 መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ከወደቀ በኋላ የተሰበረው አካል ተጠብቆ ቆየ፤ በ1992 በተከፈተው የመታሰቢያ መናፈሻ ውስጥም ጭንቅላት የሌለው ሐውልት ከአዲሱ ጋር ይታያል። ሁለቱም ከተሞች የወደቀ ሐውልት ነበራቸው። ልዩነቱ አክራ ውድቀቱን ራሱን እንደ ታሪክ አስቀምጣ፣ የአንድን ትውልድ ጥፋት ለሚቀጥለው ማሳየቷ ነው። ይህ ከማቆም ይልቅ የሚከብድ ብስለት ነው።

አሁን ጥያቄው ወደ ፒያሳ ይመለሳል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በምኒልክ አደባባይ አጠገብ የአድዋ ድል መታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ደግሞ በከተማው የኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ፈርሰው፣ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ፍትሕ ለመስጠት፣ ብዙዎቹ ቤቶች ያረጁ፣ የተጨናነቁ፣ መጸዳጃና ውኃ የሚቸግራቸው ነበሩ፤ በዚያ ሁኔታ ሰው እንዲኖር መመኘት ውበት መውደድ አይባልም። ከተማ መታደስ አለበት። ነገር ግን አንድ ሐቅ ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባውም። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ አካባቢ ታላቅ መታሰቢያ ተነሳ፤ ያን መታሰቢያ ጠዋት ማታ ሊያዩት የነበሩ ጎረቤቶች ደግሞ ሄዱ።

የምኒልክ ሐውልት ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ሲሆን፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች አንስተው ቀብረውት ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ሕዝብ በእግሩ እየመጣ ያከብረው የነበረው ከቅርብ ሠፈር ጭምር ነው። ወርቅ ሠሪውም፣ የጀበና ቡና የምታፈላውም፣ ልብስ ሰፊውም የዚህ በዓል ባለቤቶች ነበሩ። በሠፈራቸው ምትክ ሰፊ መንገድ፣ መብራትና ፏፏቴ ቢሠራ ለዓይን የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ፏፏቴው ለበዓሉ እንግዳን ያመጣለታል እንጂ ጎረቤትን አይተካለትም። ድንጋይ በፋብሪካ ይጠረባል፤ ጎረቤትነትን ግን ዘመን እንጂ ፋብሪካ አይሠራውም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጡ ተግባራት አሉ። ማንኛውም የአደባባይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ውድድር ለአገር ውስጥ ቀራፂዎችና ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መቅረብ ይኖርበታል። የሠሪው ስም እንደ አሠሪው ስም በመቆሚያው ላይ መጻፍ አለበት፤ በአዲስ አበባ የብዙ ሐውልቶች ሠሪ ማን እንደሆነ ተመላላሹ አያውቅም። የሥራው በጀት እድሳትንና ጥበቃን የጨመረ ሊሆን ይገባዋል፤ የሚያቆመው ብዙ፣ የሚጠብቀው ግን ጥቂት ነውና። ሠፈር ከመፍረሱ በፊት ፎቶግራፉ፣ የቤቶቹ ንድፍና የነዋሪው ቃል ተሰብስቦ ይቀመጥ። የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ትግላችን ሐውልት ሲወስድ ዓምዱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ጭምር እንዲያዩ ያስተምር።

ከሁሉም በላይ ግን ውሳኔ በእጃቸው ያለ ሰዎች አዲስ ሐውልት ሲያስቡ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ቁመቱ ስንት ሜትር ይሁን የሚለው እንዳይሆን ያስፈልጋል። በዳካር 49 ሜትር ተነሳ፤ ክርክሩ ግን ስለ ቁመቱ ሳይሆን ስለ ጎርፉ ነበር። በአዲስ አበባ ትንሹ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ተነሳ፤ ከተማው ሁሉ ጠየቀው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ሐውልቱ ነገ ጠዋት ቢነሳ፣ ወዴት ወሰዳችሁት ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት በዙሪያው ይኖር ይሆን?